የባዶ እግሩን ጌታ ሐውልት የሠሩት የአቶ ኬ ቲንግዣንግ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኬ ቲንግዣንግ ከአባታቸው ከአቶ ኬ ዮንግፋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱ ጂንቻን በ1944፣ በዝንጀሮው ዓመት፣ በፉጂያን የባሕር ዳርቻ ባለችው በሺፑ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የአማልክት ሐውልት ቀራጭ ነበሩ፤ አያታቸውም እንዲሁ። እሳቸው አራት ዓመት ትምህርት ቤት ሄዱ፤ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው መሮ ጨበጡ። በ1967 እኔን ሆንግ ሹዬን አገቡ። ይህን ለልጅ ልጃችን እየነገርኩ የማጽፈው እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይኔ ግን ደህና ነው።

በተጋባን ሰሞን መቅደሶች በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግተው፣ አምላክ መቅረጽም ክልክል ሆኖ ነበር። አቶ ኬ ከአሥር ዓመት በላይ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ሠሩ። ስለ ወንበሮቹ ብዙ የሚባል የለም፤ አይነቃነቁም ነበር።

በ1986 የመንደራችን መቅደስ ሲከፈት የሰሜኑን ጌታ ሐውልት እንዲቀርጹ ታዘዙ። የጥንት ነገሥታት ማዕረግ በማዕረግ ላይ የደራረቡለትን ይህን ጌታ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ፀጉሩን ለቆ፣ በባዶ እግሩ አንዱን በኤሊ አንዱን በእባብ ላይ አሳርፎ ነው የሚቀመጠው። የጌታው በዓል ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ወደ ሥራ ክፍላቸው ገባሁ።

«አንተ ሰው፣ ጫማ አደረግህለት እኮ!» አልኳቸው።

እጃቸው ለሰማይ ጦር አለቆች ጫማ መቅረጽ የለመደ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ወንበር ሲሠራ ከርሞ ሲመለስ ልማዱን ይዞ መጣ። አቶ ኬ ቁጭ አሉ። መሮውን ጫማው ላይ ደቅነው መልሰው አነሡት። ለአምላክ ሐውልት የሚሆን ሌላ የካምፎር ዛፍ ግንድ አልነበረም፤ ይህ ሥራ ከተበላሸ ደግሞ ዳግመኛ የሚያዛቸው አይኖርም። በእኛ ደንብ ሴት የአምላክ እንጨት አትነካም። እኔ በሩን ዘጋሁና መሮውን ተቀበልኳቸው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት መሮ ስስልላቸው የኖርኩ ሴት እንጨት በየት በኩል እንደሚታዘዝ አይጠፋኝም። ጫማውን ልጬ ከውስጡ እግር አወጣሁ። የአምስት ዓመት ልጃችንን አስቀምጬ እግሯን እያየሁ ስለሠራሁ ትንሽና ድቡልቡል ሆነ።

በበዓሉ ቀን አንዱ «ይህን የሚያህል ጌታ እግሩ እንዲህ ያንሳል?» ቢል፣ አቶ ኬ «እባቡ እንዳይጨፈለቅ ነዋ!» አሉት። ሰው ሳቀ፤ ወደደውም። ሌሎች መንደሮችም «እግሩ እንደ ሺፑው ይሁንልን» እያሉ ማዘዝ ጀመሩ፤ እሳቸውም የእኔን እያዩ ቀረጹላቸው። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ያን እግር ባደነቀ ቁጥር ወደ እኔ አይተው ያስሉ ነበር። እኔ ዝም ያልኩት ትሑት ሆኜ አይደለም። ቢታወቅ ሐውልቱ ይቃጠል ነበር፤ የአቶ ኬም ስም አብሮ።

ባለፈው የብርድ ወራት የጉሮሮ ካንሰር ተገኘባቸው። በሁለተኛው የጨረቃ ወር ልጆቻችንን ወደ መቅደሱ እንዲያደርሷቸው አዘዙ፤ እኔና የልጅ ልጃችንም ተከተልን። ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት «እግሩን የቀረጸችው ሹዬ ናት» አሉ።

የመቅደሱ አለቃ አቶ ጉ «በሽታው አናቱ ላይ ወጥቷል» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «እውነት ከሆነ ግን ይቃጠላል።»

«አንተን ማን ጠየቀህ ጉ? እሱ ይጠየቅ!» አሉ አቶ ኬ ወደ ሐውልቱ እየጠቆሙ።

የጨረቃ ቅርጽ ያላቸውን ሁለቱን የመጠየቂያ እንጨቶች «እግርህ እንዳለ ይቆይ?» ብለው ራሳቸው ጣሉ። አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ሲወድቅ «እሺ» ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መምጣት አለበት። መጀመሪያ ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ፤ አምላኩ ሳቀ ማለት ነው። «ይሳቅብኝ፣ ይገባኛል» ብለው እንደገና ጣሉ። እሺ። እሺ። እሺ።

አቶ ጉ እንጨቶቹን አገላብጠው አገላብጠው አዩ። ስሜ ይጻፍ ተባለ። የቀራጭ ስም በወረቀት ተጽፎ በሐውልቱ ጀርባ ባለች ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣልና ክዳኗ ተነሣ። የልጅ ልጃችን የ1986ቱን ወረቀት ዘርግታ አነበበች። ሁለት ስም ነበረበት፤ ኬ ቲንግዣንግ፣ ሆንግ ሹዬ።

«ማንበብ እንደማልችል እያወቅህ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ላንቺ መች ጻፍኩት» አሉ።

አቶ ኬ በ2024፣ በዘንዶው ዓመት፣ በአራተኛው የጨረቃ ወር በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በሰማንያ ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ጥሩ ባል ነበሩ፤ ለሰው ለመናገር ዘገዩ እንጂ። የሰማዩ ንጉሠ ነገሥት በደጁ ሳያቆማቸው ያስገባቸው።