በአርባሽ ቀን የሰመጠው ኮረብታ

እትዬ፣ የእናቴ ልጅ፣

ከተለያየን ሁለት ወር አለፈ። እንደምን ነሽ አልልሽም፤ ተቆጥቼብሻለሁ። በሕይወት ሳለሽ አልነገርኩሽም፤ አፌን ታውቂዋለሽ፣ ቶሎ አይከፈትም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። በቤት ሠራተኝነት ከኖርንበት ሰፈር፣ ከዓይን ኤል ረማነህ ወጥቻለሁ። ሚስተራችን ጣት የማያህሉ የብረት ወታደሮቹን ዛሬም እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ላይ ያዋጋ እንደሆነ አላውቅም። ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ገና በጥይት እንደተበሳሳ ነው፤ እነሱ ግን ጦርነት አልጠገቡም።

ኮረብታዎቹን የምትሠሪላቸው አንቺ ነበርሽ። ከፍሪጅ ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም በዳቦ ቢላ ትቆርጫለሽ፣ እየደራረብሽ ታጣብቂያለሽ፣ በጋዜጣና በኮላ ቆዳ ታለብሺዋለሽ። ወታደሮቹ እንዳይንሸራተቱ ጎኑን እንደ አገራችን እርሻ እርከን እርከን ታደርጊዋለሽ። እኔንም አስተማርሽኝ። አጥብቀሽ ያስጠነቀቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚረጨው ቀለም ቆዳ ያልለበሰ ፎም ካገኘ ይበላዋል።

በትልቁ ኮረብታ አናት ላይ ከደረቀ ዛዕታር፣ ከእነሱ ጦስኝ፣ እንጨት ክብ ደን ተከልሽ። እንደ አገራችን የቤተ ክርስቲያን ደን መሆኑን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ሚስተር መድፉን መሃሉ ላይ ጎለተው። አንቺ «ሃድር» ብለሽ መድፉን ወለወልሽለት። እሺ ማለት በዚያ ቤት «ሃድር» ነበር፤ ካንቺ አፍ ሌላ ቃል ሲወጣ አልሰማሁም።

የተቆጣሁብሽ ለዚህ ነው። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠሽ «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ የጠረጴዛውን ወንዝ ቀብተሽ ጨርሺና ትተኛለሽ» ሲልሽም ሃድር አልሽ። ወንዙን ጨርሰሽ ተኛሽ። ሐኪም የጠሩልሽ መናገር ካቆምሽ በኋላ ነው።

አርባሽ እሑድ ላይ ዋለ። በፓስፖርትሽ ያለው ስም ለቄሱ አይሆንም፤ ክርስትና ስምሽን ደግሞ በዚህ ከተማ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ በፍትሐቱ ላይ የሚጠራሽ የለም። ለማዳም ነገርኳት፣ ለባሏ ነገረችው። እሱም አዲስ ኮረብታ እስከ ቅዳሜ ካደረስኩ መሄድ እንደምችል ነገረኝ። አደረስኩ። እጄ እስኪላጥ ሠርቼ፣ አንቺ እንደምትሠሪው አሳምሬ።

እሑድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ በሩ ጋ ስደርስ አስቆመኝ። እንግዶቹን ማን ያስተናግዳል፣ በሚመጣው ሳምንት ትሄጃለሽ አለና «ያኒ፣ ማለቴ፣ አርባ ሆነ አርባ ሰባት፣ ለሞተ ሰው ምን ለውጥ አለው?» ብሎ ጨመረበት። ቀድሞ የመጣው ወፍራሙ ጓደኛው ከሶፋው ላይ ሆኖ «አይዞሽ፣ እሷ እንደሆነች አትቸኩልም» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሃድር አልኩ።

ከትልቁ ኮረብታ ላይ ደንሽን ነቅዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። አዲሱን ኮረብታ አቧራ የማራግፍ መስዬ ወደ በረንዳ አወጣሁትና ገለበጥኩት። ሥሩ ቆዳ አልለበሰም ነበር። አረንጓዴውን የሚረጭ ቀለም እስኪያልቅ ለቀቅኩበት። ውስጡ እንደ ጨው ሲሟሟ ሰማሁት። ላዩ ምንም አልሆነም፣ ያምር ነበር። ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ወታደሮቹን ደረደሩ። ሚስተር ባለ ፈረሱን አዛዥ አናቱ ላይ ሲያቆም ኮረብታው ጎድጉዶ ሰመጠ፣ ሠራዊቱ በሙሉ ተያይዞ ገባ። ከዚያ ወፍራሙ ሰውዬ እንደገና ሳቀ፣ አሁን በእሱ ላይ። ሚስተር ፊቱ ደም መስሎ «ባራ!» ብሎ በሩን አሳየኝ። ውጪ ሲለኝ ሃድር እንኳ ሳልል ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቅዳሴው አልቆ ቄሱ ልብሰ ተክህኖውን አውልቀው ነበር። ስሟ ማነው አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ እኔ። መልሰው ለበሱ።

አሁን ከአገራችን ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሐምራ ሰፈር የፎቅ ደረጃ አጥባለሁ። ፓስፖርቴ እሱ ጋ ስለቀረ ፖሊስ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። አልተጸጸትኩም። እሱንም ይቅር አልልም፤ ይቅር በይ ብለሽ በሕልሜ እንዳትመጪ።

ኮረብታ ዳግመኛ ለማንም አልሠራም። ደንሽ ትራሴ አጠገብ ነው፤ መሃሉ ባዶ ነው፣ መድፍ የለበትም። ቁጣዬ ሲበርድም ባይበርድም፣ በየዓመቱ ቄሱ ስሟ ማነው ሲሉ፣ ወለተ ሥላሴ ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ።

ታናሽሽ