ቁልፉ ቅዳሜ አይመጣም

ይድረስ ለእናታለም፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ምንም አልል» እያልሽ ችለሽው ነው? የአባዬስ ዓይን? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ከትናንት ጀምሮ አልረጋ ብሏል። ሰላምታውን እንደ ወጉ ሳላረዝመው ወደ ነገሬ ብገባ አትቀየሚኝ።

ትናንት ደጋግሜ ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም። ታናሽ እህቴ ጋ ስደውል ፈራ ተባ እያለች ጉዱን ነገረችኝ። አንድ ሰው ደውሎ «ልጅሽ በስምሽ በሞላችው ዕጣ ቤት ወጥቶልሻል፤ ቁልፉን ቅዳሜ እናስረክብሻለን፤ የመመዝገቢያውን ግን ቀድመሽ ክፈይ፤ እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ ካልሽ ዕጣው ይሰረዛል» አለሽ አሉ። አንቺም ለመክፈል የስፌት መኪናሽን ልትሸጪ ነው፤ ገዢው ዓርብ መጥቶ ያያታል። እህቴ ብትለምንሽ «በአፍሽ አታጨናግፊብኝ» አልሻት፤ ስልኩን ልታቀብልሽ ስትልም እጅሽን ሰበሰብሽ። በእጄ የተጻፈ ካላየሽ እንደማታምኚ ስለማውቅ ይህን ወደ እናንተ ለሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር እሰጠዋለሁ። ሐሙስ ያደርስልኛል፤ ምሎልኛል። መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸ ግን ምን ይውጠኛል እያልኩ ነው የምጽፈው።

እማዬ፣ አፈር ስሆንልሽ ስሚኝ። ቤት የለም። ዕጣም የለም። ሰውየው ሌባ ነው።

«አንቺ ራስሽ ዕጣ ትሞዪ የለ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አዎ፣ እሞላለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ከርሜ የእሑድ ከሰዓት መዝናኛዬ እሱ ነው። ሌላው ካርታ ይጫወታል፣ እኔ ለዕጣው ቆርኪ እለቅማለሁ፣ የሳሙና መጠቅለያ እቆርጣለሁ። አብራኝ የምትተኩሰው ሴትዮ «የቆርኪ እመቤት» የሚል ስም አውጥታልኛለች። ያቺ ጃንጥላሽና ያ ፔርሙዝ ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ከዚያ የበለጠ ወጥቶልኝም አያውቅ። ግን ሥርዓት አለኝ። ለዕጣ ብዬ የማያስፈልገኝን ዕቃ አልገዛም። መጠቅለያው ላይ የተጻፈውን ደንብ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። የምሞላው ስልክ ቁጥር ለዚሁ ብቻ ያወጣሁት ነው፤ የባንክ የሚስጥር ቁጥሬን ለነፍስ አባቴም አልናገር። «ወጣልሽ» ያለኝ ሰው ሲኖር እሱ በሰጠኝ ቁጥር ሳይሆን ዕቃው ላይ ባለው የኩባንያው ቁጥር ደውዬ አጣራለሁ። ጃንጥላዋን ስቀበል አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም፤ የሚከፈልበትማ ግዢ ነው እንጂ ምኑን ሽልማት ሆነ! ደግሞ በሰው ስም ሞልቼ አላውቅም፤ ባንቺም ስም ቢሆን።

ታዲያ ስለ እኔ እንዴት አወቀ ትዪ ይሆናል። እስኪ መለስ ብለሽ አስቢው፤ «ልጅሽ» አለ እንጂ ስሜን ቀድሞ ጠራ? ልጁ ሩቅ ያልሄደበት ቤት የት አለ? ስሜንም፣ ሥራዬንም፣ ዕጣ መውደዴንም የነገርሽው አንቺ ትሆኛለሽ፤ ደስ ሲልሽ መች አፍሽ ይቆጠብልሻል። አልፈርድብሽም፣ ሥራቸው ይኸው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

እንዲህ አድርጊልኝ። ሲደውል «መመዝገቢያውን ከቤቱ ዋጋ ላይ ቀንሱት» በይው። ቤት የሚያህል ነገር በነፃ የሚሰጥ ሰው ለመመዝገቢያ አይጨነቅም፤ ሲቆጣ ትሰሚዋለሽ። ለማንም አትንገሪ ብሎሽ የለ? አንቺ ለሁሉም ንገሪ። ይህን ደብዳቤ እህቴ ደጅ ላይ ጮክ ብላ ታንብበው፤ እንዳንቺ ተደውሎላት የደበቀች ጎረቤት አትጠፋም።

አሁን የምነግርሽ ያስቆጣሻል። የስፌት መኪናሽን ቀበቶ ፈትታ እንድትደብቅ እህቴን ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ገዢው ቢመጣም መንኮራኩሯ አይዞርለትም። እሷን እንዳትናገሪያት፤ ቁጣሽን ለእኔ አስቀምጪው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? በዚያች መኪና ስንቱን የሰው ልብስ ሰፍተሽ ነው ለሰው ያበቃሽኝ።

እህቴ አንድ ነገር ጨምራ ነገረችኝ፤ እሱን ስሰማ አለቀስኩ። «ቤቱን ካገኘሁ ልጄ የሰው አንሶላ መተኮሱን ትታ ትመጣለች» ብለሻታል። ለካ ያን ሁሉ ሚስጥር የቻልሽው ለእኔ ብለሽ ነው። እማዬ፣ እኔን ለማምጣት ቤት አያስፈልግሽም። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ አለቃዬም የሆቴሉ እንግዳ ሲቀንስ እንድሄድ ፈቅዳልኛለች።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ። ዓርብ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንቺ ስትጠሪው እንደሚያደርገው ሁሉ ጆሮው የማይሰማ መስሎ ገዢውን ይመልስልኝ። አክስቴን ናፍቃኛለችና ሰላም በያት። እህቴን እቀፊልኝ፤ እሑድ ቀበቶውን አውጥታ ትግጠምልሽ። ከደብዳቤው ጋር ሰማያዊ ጨርቅ ልኬልሻለሁ፤ የእኔ ቀሚስ ነው። እስክመጣ ግን አትቁረጪው። ትንሽ ከስቻለሁ፤ ልኬቴን ራስሽ ትወስጂዋለሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሰኞ፣ ኅዳር 9