አባባ ጀልባውን ያቆሙበት ቦታ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለኡሊስ፣

«ይህች ልጅ ምነው ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን አታነሳም?» ሳትል አትቀርም። በቅድሚያ ግን ጤናህ እንዴት ነው? የአልበርታ ብርድ ያስቸገረው ወገብህስ ተሻለው? ማርጎ ደህና ናት? ትንሿ ኮሪን ጥርስ አበቀለች? እኛ በአካል ደህና ነን፤ የልቤን ግን አትጠይቀኝ።

በፀደይ ለቢሮዬ ምርመራ ከወንዛችን አፍ፣ ከድሮው ፋብሪካ ቱቦ በታች ያወጣሁት ደለል ከፋብሪካው የወረደ መርዛም ብረት ተገኝቶበት፣ አባባ ባለ ዛጎሉን የባሕር ምግብ፣ ኦይስተርን፣ የሚያረቡበት ማርቢያ መዘጋቱን ታውቃለህ። በጁላይ ለማረጋገጫ ሁለተኛ ናሙና ማውጣት ነበረብኝ። አባባ በጀልባቸው ወሰዱኝ። ቦታ ጠቋሚ መሣሪያዬን ሳወጣ ሳቁብኝ። «እሱን ለከተሜ ተይለት! እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍና የዓሣ ማጨሻውን ጭስ ማውጫ በአንድ መስመር ካሰለፍኩ ቦታውን አልስትም» አሉ። ጭጋግ ስለነበር እኔ አንዱም አልታየኝም። ግን በእኛ መንደር የአባትን ዓይን በመሣሪያ መፈተሽ ስድብ ነው። አፍሬ ወደ ቦርሳዬ መለስኩትና የፀደዩን የቦታ ቁጥር ገልብጬ ጻፍኩ።

ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ደለሉ ንጹሕ ነው ብዬ በደስታ ፈረምኩ፤ ማርቢያውም ለኦገስት አሥራ አምስቱ የሕዝባችን በዓል ዋዜማ እንዲከፈት ተፈቀደ። ባለፈው ሳምንት የተረፈውን ደለል በወንፊት ሳጥብ ግን የባሕር ሣር ሥር አገኘሁበት። ከፋብሪካው ቱቦ በታች ሣር በቅሎ ያውቃል? ሣር ያለው ከድልድዩ ማዶ፣ እኔና አንተ ዋና የተማርንበት ጋ ነው። ለካ አባባ በጭጋጉ ጀልባውን ያቆሙት እዚያ ነበር።

አባባን ስጠይቃቸው አልካዱም። «ጭቃ ያው ጭቃ ነው። አርባ ዓመት ስበላው ሞትኩ እንዴ?» አሉኝ። «የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ» ብላቸው፣ «ያስተማረሽ ይኸው ኦይስተር አይደለም? የበላሽበትን ወጭት ልትሰብሪ ነው?» አሉና፣ ቀና ሳይሉ፣ «ደግሞ ምክሩ የወንድምሽ ነው» ብለው ጨመሩ።

ኡሊስ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የፀደዩ ውጤት ሲወጣ መጀመሪያ የደወልኩት ለአንተ ነበር። «በርቺ እህቴ፣ እውነቱን አውጪው» ያልከኝ አንተ ነህ። ከዚያ ዞረህ ለአባባ ሌላ መከርክ? ባዕድ ቢያታልለኝ እንዴት እንደምታገለው አውቅ ነበር።

ሰኞ፣ ኦገስት አሥራ ሁለት፣ ቢሮ ገብቼ ፊርማዬን አነሳለሁ። ሥራዬ ቢሄድም ይሂድ፤ በበዓሉ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ከዚያ ማርቢያ ሊበሉ ነው። እስከዚያ የምጠብቀው አባባ አብረውኝ ገብተው ራሳቸው እንዲናገሩ ብዬ ነው። ይመጣሉ ብዬ አሁንም ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሞኝ በለኝ።

እማማ ወገብህን በሱፍ ጠቅልል ብላሃለች። አክስት ዜልያ «በበዓሉ ሰልፍ እንደ ልማዳችን ድስት እየደበደበ የሚያደምቅልን ጎረምሳ ጠፋ» እያለች ትናፍቅሃለች። ማርጎን ሰላም በልልኝ፤ ኮሪንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ለአባባ ደውልላቸው። የእኔን ባይሰሙ የአንተን ይሰማሉ፤ «ከእሷ ጋር ይግቡ» በላቸው። ለእኔ ደግሞ በስልክ ሳይሆን በእጅህ ጽፈህ ለምን እንዳደረግከው መልስልኝ።

እህትህ ኦዴት
ፖይንት ሮቢሾ፣ ኒው ብሩንስዊክ
ኦገስት 2 ቀን 2024