ስለ ቀዩ የሱፍ ምንጣፍ፣ ለክቡር ዳይሬክተራችን

ለክቡር ዶክተር ሆራሲዮ ቪሎሪያ
የሳን ኤሎይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር
ሞምፖስ

ጉዳዩ፦ በሰሌዳ ላይ ለተለጠፉት ሁለት ማስታወቂያዎች ምላሽ ስለ መስጠት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ የወንዙ ትንኝ ሳይደፍርዎት፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ሳይቋረጥ፣ በሙሉ ጤንነትና በመልካም የምግብ ፍላጎት እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኛ ተማሪዎችዎ ሙቀቱ ከማንገብገቡ በቀር ደኅና ነን። ስሜ ዴልፊና ትሬስፓላሲዮስ ይባላል፤ የጌጣጌጥና የብረታ ብረት ሥራ ክፍል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከዋና ከተማ መጥተው ይህን ወንበር ከያዙ ስምንት ወር ቢሆንዎትም፣ ወርክሾፓችንን የሚያውቁት ስልክ እያነጋገሩ ወደ መኪናዎ ሲያልፉበት ብቻ ስለሆነ፣ መልኬን ባያስታውሱት አልቀየምም።

በሰሌዳው ላይ ሁለት ማስታወቂያዎች ለጥፈዋል። የመጀመሪያው ወርክሾፑ «በታሪኩ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ» መጽዳቱን ያበስራል። ሁለተኛው ደግሞ ቀይ የሱፍ ምንጣፍ መጥፋቱን ገልጾ፣ የወሰደው ሰው ከትምህርት ቤቱ እንደሚባረር፣ የሚያውቅም በሦስት ቀን ውስጥ እንዲጠቁም ያዝዛል። እኔ የማውቀው ነገር ስላለ፣ ዛሬም ሦስተኛው ቀን ስለሆነ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ ይህን ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ንጽሕናው ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ገምጋሚ ኮሚቴው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወለላችን በሳሙናና በጎማ ውሃ ታጥቦ፣ በበሩ ጥግ የነበረው አንገተ ሰባራ ጋን የቆሻሻ ማጠራቀሚያ መስሎዎት ከነሆዱ ወንዝ ውስጥ ተገልብጧል። በቦታውም የላስቲክ አበባ ቆሞልናል። ክቡርነትዎ ያላወቁት ትንሽ ነገር ቢኖር፣ በጋኑ ውስጥ የነበረው የአንድ ዓመት ጥራጊያችን መሆኑ ነው። እኛ ብርን እንደ ፀጉር ወደ ቀጠነ ክር እየጎተትን፣ እየገመድንና እያጠማዘዝን ጌጥ የምንሠራ ሰዎች ነን። ብር ሲሞረድና ሲቆረጥ ብናኙ ይወድቃል፣ ከሽርጥና ከጫማም ይጣበቃል። ስለዚህ የዚህ ቤት ሰው የሚጠርገው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነው። ሽርጡን ሳያራግፍ፣ ጫማውን በር ላይ ሳይቦርሽ፣ እጁን በባልዲው ሳይታጠብ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የባልዲው ውሃ እንኳ እስኪጠልል ይጠበቅና ዝቃጩ ወደ ጋኑ ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ ጥራጊው ተቃጥሎ፣ አመዱ ታጥቦ፣ የቀረው ይቀልጣል። የሚወጣው ብር ደግሞ ለመመረቂያ ሥራው ብር መግዛት ለማይችል ለአንድ ተማሪ ይሰጣል። የዘንድሮዋ ባለተራ እኔ ነበርኩ።

እናቴ ዶኛ ኢሲዶራ በወንዙ ግንብ ሥር ዓሣ ትጠብሳለች። ከሰሏን የምታራግብበትን፣ ከዘንባባ የተጎነጎነውን ማራገቢያ በብር ክር አሳንሼ ሠርቼ በምረቃዬ ቀን ደረቷ ላይ ላደርግላት አስቤ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሥለው ኖሬያለሁ። ስነግራት «ወይ ጉድ! እኔ ላይ ከዓሣ ቅርፊት በቀር የሚያብረቀርቅ ማን አይቶ ያውቃል? በይ ሥሪው፣ አደርገዋለሁ» ብላ ሣቀች፤ በሳምንቱ ግን ለዚያች ቀን የሚሆን ቀሚስ አሰፋች። ቀሚሱ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ክቡርነትዎ ያንን ጋን ሲያስገለብጡ ያስገለበጡት ይህንን ነው።

ሁለተኛ፣ አቤቱታዬን ይዤ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስላደረጉልኝ አባታዊ አቀባበል አመሰግናለሁ። «ልጄ፣ አቧራ እኮ ነው! ስለ አቧራ ቢሮ ድረስ ይመጣል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያም አዝነውልኝ፣ «ዋናው ሐሳቡ ነው፤ በካርቶን ሥሪውና ብርማ ቀለም ቀቢው። ከሩቅ ማን ይለየዋል?» ሲሉ መከሩኝ። ይህን ምክር ለክብርት ባለቤትዎ የጋብቻ ቀለበት ሲያስቡ እንዳልተጠቀሙበት ተስፋ አደርጋለሁ። ምክሩን በሥራ ላይ ለማዋል ግን አንድ እንቅፋት ገጠመኝ፦ የመመረቂያ ሥራው ከብር ያልሆነ ተማሪ እንደማይመረቅ የሚደነግግ አንቀጽ አሥራ አራት የሚባል ነገር አለ፤ ከሥሩም የክቡርነትዎ ፊርማ አለ። ያላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ የሚናገረውን ተረት እዚህ መጥቀስ ነውር ስለሆነ አልጠቅሰውም። ቀልዱን ለአንድ አፍታ ልተወውና፣ ያን ቀን ከቢሮዎ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። አራት ዓመት የለፋሁበት ነገር ወንዝ ገብቶ፣ ያስገባው ሰው ካርቶን አዘዘልኝ።

ሦስተኛ፣ ማስትሮ ኤራስሞ ካርካሞን ይመለከታል። ማስትሮ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ክር መጎተት የሚያስተምሩን እርሳቸው ሲሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የገባው ብርም ከዚያው ጋን የወጣ ነበር። ኮሚቴው በመጣ ዕለት እኚህ ሽማግሌ ወለሉ ላይ ተንበርክከው በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በመርፌ ሲቧጥጡ ተገኙ። ከኮሚቴው አንዷ ደንግጣ «ምን ጠፍቶብዎት ነው አባቴ?» ስትላቸው፣ ቀና ሳይሉ «የዴልፊና ማራገቢያ» አሏት። ክቡርነትዎ ወዲያው ሣቁና «ሽማግሌው ትንሽ ተምታቶባቸዋል» ብለው እንግዶቹን ወደ ሻይ ወሰዱ። በማግስቱም ለሃምሳ ዓመት አገልግሎታቸው ማስጠንቀቂያ ጻፉላቸው። የማስጠንቀቂያው ቃል «በእንግዳ ፊት ከምንጣፉ አጠገብ መንበርከክ» የሚል ነበር። ማስትሮ ደብዳቤውን በመነጽራቸው ሁለት ጊዜ አንብበው በአራት አጠፉትና የሚንገዳገደውን የሥራ ጠረጴዛቸውን እግር ደገፉበት። እስካሁን ጠረጴዛው አልተነቃነቀም፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

አራተኛ፣ ወደ ምንጣፉ ልምጣ።

ከበሩ እስከ ማስትሮ ጠረጴዛ ድረስ ለኮሚቴው ክብር ያነጠፉት ያ ቀይ ምንጣፍ እውነተኛ ሱፍ መሆኑን በንግግርዎ ሦስት ጊዜ አንሥተውታል። ከዚያም «ምንጣፉን ማንሣት፣ ማራገፍና መጥረግ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ማስትሮ ያን ወረቀት አንብበው ምንጣፉን ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኛ ዞሩ፤ «ልጆች፣ ጋናችን ተመልሷል። ዘንድሮ ተነጥፎ ነው የመጣው» አሉን።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ እንደዚያ በታማኝነት የተከበረ ትእዛዝ የለም። ሃያ ሁለት ተማሪዎች ስድስት ሳምንት ሙሉ ምንጣፉን አላነሣንም፣ አላራገፍንም፣ አልጠረግንም። የሠራነው እላዩ ላይ ነው፤ የሞረድነውም እላዩ ላይ፣ ሽርጣችንን ያራገፍነውም እላዩ ላይ። ጫማችንን በር ላይ መቦረሽ ትተን እርሱ ላይ ጠረግን። ጓደኛዬ ያሚሌ ደግሞ «ቆይ፣ ፀጉሬ ውስጥም አይጠፋም» ብላ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው ቁጭ ብላ ታበጥር ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምንጣፉን ጠቅልለን በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው በር፣ ለጥበቃው ሰላምታ ሰጥተን ወጣን። ወንዙ ዳር በብረት በርሜል ውስጥ አቃጠልነው። እሳቱን ያራገበችው እናቴ ናት፤ በዚያችው በዘንባባ ማራገቢያዋ። ሱፍ ሲቃጠል እንዴት እንደሚሸት ክቡርነትዎ ስለማያውቁ ልንገርዎት፤ ሰፈሩ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ወጣ፤ እርሷም «አትሽሹ፣ የዳይሬክተሩ ዓሣ ነው! በቅርፊቱ ነው የሚበላው!» እያለች ታስቃቸው ነበር። ምንጣፉ ርካሽ ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ቀልጦ ሁሉንም ያጣብቅብን ነበር፤ ሱፍ ግን ደርቆ፣ ልሞ፣ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ጥራት ያለው ዕቃ መግዛትዎን ከልብ እናደንቃለን። ማስትሮ አመዱን በእንጨት ገበታ አጥበው፣ ቆሻሻውን ከብሩ ከሚለየው ከቦራክስ ዱቄት ጋር ሦስት ጊዜ አቅልጠው፣ የአውራ ጣቴን አንጓ የምታህል ብር አወጡ። ትኩሳቷ ሳይወጣላት መዳፌ ላይ አስቀመጧትና «በይ ጎትቺው» አሉኝ። እኔም ይዣት ወደ ወርክሾፑ ሮጥኩ።

ማራገቢያው አልቋል። ሃያ ቀን ፈጀብኝ። በእነዚያ ሃያ ቀናት ክቡርነትዎ በባዶ ወለል ላይ ጠዋትና ማታ ሲመላለሱ፣ ምንጣፉ አለመኖሩን ያወቁት በሃያ ሦስተኛው ቀን መሆኑን ስናይ፣ ሥራችንን በጸጥታ እንድንጨርስ የሰጡን ጊዜ ነው ብለን ወስደነዋል።

አምስተኛ ብዬ የምጽፈው ቅሬታ የለኝም፤ የምጽፈው ጥቆማ ነው። ሌባውን አገኘሁት። እርስዎ ራስዎ ባወጡት «የብር ምንጭ ማረጋገጫ ቅጽ» ላይ፣ «ብሩ የተገኘበት» በሚለው ቦታ፣ ባለፈው ሐሙስ በጉልህ የእጅ ጽሑፌ እንዲህ ብዬ ሞልቻለሁ፦ «ከዶክተር ቪሎሪያ ቀይ የሱፍ ምንጣፍ፤ ተቃጥሎ፣ ታጥቦ፣ ቀልጦ»። ክቡርነትዎ ስልክዎን ከጆሮዎ ሳያወርዱ «ጸድቋል» በሚለው ላይ ፈርመው፣ ማኅተምም አድርገው መልሰውልኛል። የቅጹን ቅጂ በሰሌዳው ላይ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ። እንግዲህ የወሰደ ይባረር የሚለው ውሳኔዎ ፈቅዶ የፈረመውንም የሚጨምር ከሆነ፣ የቢሮ ዕቃዎን የምንጭንበት የአጎቴ ታንኳ ቅዳሜ ነጻ ናት። የማይጨምር ከሆነ ግን በዚያው ቅዳሜ በምረቃው ላይ እንገናኛለን፤ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው፣ ደረቷ ላይ ምንጣፍዎን ያደረገችው ሴት እናቴ ናት።

ጋናችንን ላስገለበጡ እጆችዎ፣ ምንጣፍ ላነጠፉልን ትሕትናዎ፣ ሳያነብቡ ለሚፈርሙት ብዕርዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለመመረቅ ፈቃድዎን በጽሑፍ የያዝኩ ታዛዥ ተማሪዎ

ዴልፊና ትሬስፓላሲዮስ

ግልባጭ፦
ለገምጋሚ ኮሚቴው
ለማስትሮ ኤራስሞ፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር ያለው ወረቀት ሲያልቅ እንዲተኩበት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የሚቀጥለው ዓመት ባለተራ ያሚሌ ናት። ማስትሮ እንደሚሉት በዚያ ምንጣፍ ላይ ስድስት ሳምንት የተመላለሱባቸው ጥቁር ጫማዎችዎ ሶል ቀላል የማይባል ብር ይዟል። እባክዎ ጫማዎቹን እንዳያስጠርጓቸው፤ ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ትምህርት ቤት ሲቆዩ ከሥራችን አንዳች ነገር የቀሰሙት እነርሱ ብቻ ናቸው።