ባልና ሚስት ጎን ለጎን አይቀመጡም

እሑድ፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ከረምሽ እናትዬ? ብርዱስ? ያን ስስ ካፖርት ጣይና ደህና ነገር ግዢ ብዬሻለሁ፤ በስልክ ስታስነጥሺ መስማት አልችልም። እኛ ደህና ነን። ቤቱ ብቻ ሁለት ፓርቲ ሆኗል።

አትሳቂ፣ የምሬን ነው። መንግሥት የጡረታ ዕድሜ በሦስት ዓመት ይገፋ ብሎ ረቂቅ ካወጣ ወዲህ ገዥው ፓርቲያችን ለሁለት ተሰንጥቋል። ላይ ያሉት ሚኒስትሮች በጋዜጣ ይዘላለፋሉ፣ እኔና አባትሽ ደግሞ ማድቤት ውስጥ። መቼም የፓርቲው የውሃ ማጣሪያ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር አይደል፣ «የጡረታ ፈንዱ እየደረቀ ነው፤ ዕድሜው ካልተገፋ ለልጆቻችን አይተርፍም» ይላል። እኔ «ከደረቀ ፓምፕ አድርግበታ!» እለዋለሁ። ከዚያ እስከ ማታ ኩርፊያ ነው።

እሱ እንደሆነ ፓምፖቹን ጥሎ መውጣት አይሆንለትም። አልጋ ላይ ሆኖ ከሩቅ እያዳመጠ «ሁለተኛዋ ዛሬ ጎርነን ብላለች» የሚል ሰው ነው። እኔ ግን ቀኑን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ዘንድሮ ስድሳ ሞልቶት ቤት ሊገባልኝ ነበር። ሳሎኑን አብረን ልንቀባ፣ ባሕር ሄደን ልናይ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ጡረታ ስወጣ» እያለ ያሳደረው ነገር ሁሉ ሊሆን። አሁን ደግሞ ሦስት ዓመት ጠብቂ ሲሉኝ አንጀቴ እርር አለ።

ያ የሆዴ ነገር አልፎ አልፎ ይነሳብኛል። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው። የሆዴን ፎቶ ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ አየና «ልጅ አለዎት እማማ?» አለኝ። «አለችኝ፣ ሩቅ ናት» አልኩት። ለአባትሽ ጨጓራ ነው ብዬዋለሁ። ላንቺም ጨጓራ ነው።

እናልሽ፣ ሐሙስ ቅርንጫፉ ሐሳቡን ለፓርቲው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲልክ ስብሰባ ተጠራ። የኛን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ባልና ሚስት ጎን ለጎን አይቀመጡም፣ በክርን እየተጎሻሸሙ እጅ እንዳያወጡ ተብሎ። ደንቡን ያወጣው ማን መሰለሽ? አባትሽ! እሱ መድረክ ላይ፣ እኔ ከማጣሪያው ስልክ ቤት ሴቶች ጋር በሩ ጋ።

ተራዬ ደርሶ ስነሳ ስለ ፈንዱ ያጠናሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። «ሰው ጡረታ የሚወጣው ብቻውን አይደለም» አልኩ። «ቤት ሆና የምትጠብቀውም አለች። እሱ ላይ ሦስት ዓመት ስትጨምሩ እሷም ላይ ነው የምትጨምሩት። ግን ከየት አምጥታ ትክፈላችሁ?» አልኩና ተቀመጥኩ። አባትሽ ቀና ብሎ አየኝ።

እጅ ሲቆጠር እኩል ለእኩል ሆነ። ሊቀ መንበሩ ድምፅ የሚሰጠው ያኔ ብቻ ነው። ከላይ የተላከው ተወካይ ፈገግ አለ፤ አባትሽ ከበላይ መመሪያ ውልፍት ብሎ አያውቅማ። አባትሽ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ «ረቂቁን እቃወማለሁ» አለ።

አዳራሹ ተንጫጫ! ተወካዩ ደንግጦ «ተሳስተው እንዳይሆን?» አለው። አባትሽ ከመድረኩ ወረደና ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉለት፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ራሱ ያወጣውን ደንብ እኮ ነው የጣሰው! እጄን ሲይዘኝ «ኧረ ሰው እያየን ነው» አልኩት።

«ይየን» አለኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ «ለጨጓራ ያን ሁሉ ኪኒን አይሰጡም» አለ። እስከ ቤት እጄን አልለቀቀኝም።

ሊቀ መንበርነቱን ወስደውበታል። ጉባኤው የሚወስነውን አናውቅም፣ የሚኒስትሮቹ ጠብም ገና አልበረደም። አባትሽ ግን እነሱን አልጠበቀም፤ አበሉ ከቀነሰም ይቀንስ ብሎ በራሱ ፈቃድ ጡረታ ወጥቷል። ይኸው ይህን ስጽፍልሽ ሳሎኑን እየቀባ ነው። ነጭ ብለው ቢጫ ገዝቶ መጣ! ከግድግዳው ይልቅ ራሱን ነው የቀባው። ስስቅ ሆዴን አመመኝ፣ እሱም መሰላሉ ላይ ሆኖ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ቀለም ገብቶበት ነው ይላል።

የዓመት ፈቃዴን በዓመቱ መጨረሻ ላይ እወስዳለሁ ብለሽኝ ነበር። የኔ ዓለም፣ አለቃሽን ለምኚና ወዲህ አምጪው። ያንቺን ክፍል አባትሽ ቀለሙን ራሷ ትምረጥ ብሎ ለመጨረሻ ትቶታል። ባሕሩንም አንቺ ስትመጪ ነው የምናየው። እየሠራሁ ነው፣ አይመቸኝም እንዳትይኝ። የሳሎኑ ቀለም ሳይደርቅ ነይልኝ።

የረገጥሽው ይቅናሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ፣ ክፉ በደጅሽ አይለፍ። ካፖርቱን እንዳትረሺ።

ስምሽን ስትጠራ የምትውለው
እናትሽ