ተራዋ ሳይደርስ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ 12፡20

ዛሬም እንደ ሰሞኑ። አሥራ ስምንት ስም፣ አሥራ ስምንት ጥቁር ሳጥን። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሕፃናት እድገት ለስልኬ አወራሁ። ይሰማል? ዝም። አላችሁ? ዝም። በመጨረሻ ከሾኔ ጋሽ ኤርሚያስ ብቻ፦ አለን ቲቸር፣ ኔትወርኩ ነው። ሁልጊዜ እሳቸው፣ ሁልጊዜ ኔትወርኩ። ጡረታቸው ደርሷል፣ ዲግሪዬን ሳልይዝ ከት/ቤት አልወጣም ብለው ነው የተመዘገቡት።

ሌሎቹም ሁሉም መምህራን ናቸው። ቀን ያስተምራሉ፣ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ በስልካቸው እኔ ጋ ተማሪ ይሆናሉ። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከአንጋጫ፣ ከሙዱላ። ስድስት ሳምንት አብረው ተማሩ ይባላል፤ አንዱ የሌላውን ፊት አያውቅም።

ደብተሬ፣ ላንቺ ልንገርሽ፤ ተናድጃለሁ። ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ፣ ከግድግዳ ጋር ማውራት አልለመደብኝም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደንብ አውጥቻለሁ። ካሜራ ያልከፈተ ቀሪ ነው። ሦስት ጊዜ የቀረ ከግሩፑ ይወጣል፣ ፈተናም አይቀመጥም። ለኮሌጃችን ዲንም አሳወቅሁ፣ ተስማማ።

የክፍል ተወካይዋ ስምረት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ደፋር። ትንሽ አልከበደም ወይ አለችኝ። አልከበደም አልኳት።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ 12፡35

ሠራ! ፊቶች መጡ። አንዱ ስታፍ ክፍል ቁጭ ብሎ፣ አንዷ ባጃጅ ውስጥ፣ የጋሽ ኤርሚያስ ግንባራቸው ብቻ። ከዚያ በታች ምን እንዳላቸው እግዜር ይወቅ።

የቀረችው ታደለች ብቻ ናት። ሙዱላ አካባቢ ገጠር ት/ቤት ታስተምራለች። ከስም ጥሪ ውጪ ድምጿን ከሰማሁ ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ባለፈው ሐሙስ የለችም፣ ማክሰኞ የለችም፣ ዛሬም የለችም። መልእክት የለ፣ ይቅርታ የለ። ግሩፑ ላይ፣ ሁሉም እያየ ጻፍኩላት፦ መማር ካልፈለግሽ ቦታውን ለሚፈልግ ልቀቂ። ከዚያ አስወጣኋት።

እርካታ ብጤ ተሰማኝ። እዚህ ካልዋሸሁ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ተሰማኝ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

ጉዴ ፈላ።

ጋሽ ኤርሚያስ ደወሉ። ዛሬ ሾኔ ገበያ አንድ የሙዱላ ነጋዴ አግኝተው፣ ታደለች የምትባል መምህርት ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ነገሩ ከንክኗቸው ነበር። ሰውየው ያውቃታል። እናቷ ሞተዋል። ደንቡን ባወጣሁ ማግስት ነው የተቀበሩት።

ቁጭ አልኩ። የቆምኩበት ወለል ላይ።

በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሱትን ሰው መንገድ ላይ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። የኔ ጥፋት ለቅሶ መቅረት ብቻ መሰለሽ? እሷ እናቷን ቀብራ ሰው ስትቀበል፣ እኔ ቦታ ልቀቂ እላታለሁ። እናት ቀብሬ የማላውቅ ይመስል! የኔን እናት ስንቀብር ስንት ሰው ነበር ያጎረሰኝ? ካፍ የወጣ አፋፍ። አሥራ ሰባት ሰው አንብቦታል።

ደወልኩላት። ስልኳ ዝግ ነው። አሥር ጊዜ ደወልኩ።

ያው ቀን፣ 10፡00

ግሩፑ ላይ እውነቱን ጻፍኩ። ታደለች እናቷ ሞተውባት ነው፣ ሳልጠይቅ አባረርኳት፣ አጥፍቻለሁ።

ያ ዝም የሚል ግሩፕ! አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሊሄድ ደረሰ። እንሂድ። ነገውኑ እንሂድ። አንዱ ነገ እኮ እሑድ ነው፣ አምልኮ አለ አለ። ጋሽ ኤርሚያስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ለቅሶም አገልግሎት ነው ብለው ዘጉት። ሰባት ሰው መሄድ ቻለ፣ ከኔ ጋር ስምንት። ዱራሜ መናኸሪያ እንገናኛለን።

ጥቅምት 23፣ እሑድ፣ ማታ 1፡10

ደክሞኛል። ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ከስምረት ጋር በጠዋት ከሆሳዕና ተነሣን። ዱራሜ ወረድን። መናኸሪያው ግጥም ብሏል፤ ማን ማን እንደሆነ በምን እንወቅ? ድንገት ከኋላዬ አንድ ድምፅ ከሚኒባስ ረዳት ጋር ስለ ወንበር ይከራከራል። ዞርኩ። በድምፃቸው ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ትልቅ ካፖርት ውስጥ የገቡ ሲባጎ የሚያህሉ ሰውዬ ናቸው! ጋሽ ኤርሚያስ! አቀፍኳቸው፣ እሳቸውም ቲቸር አጭር ነሽ እንዴ አሉኝ። የአንጋጫዎቹም በድምፅ ተዋወቁ። አንተ ነህ እንዴ ያ የምታስለው፣ አንቺ ነሽ እንዴ ልጅሽ የሚያለቅሰው። ለቅሶ እየሄድን እንደሆነ ረስተን ሳቅን፣ ከዚያ አፈርን።

ሙዱላ ደረስን፣ ከዚያ በእግር። ድንኳኑ ተነሥቷል። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥቂት ጎረቤቶች። ታደለች ቀጭን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልናት በየተራ። አሜን እያለች ታየናለች፣ ከወረዳ የመጣን ሳንመስላት አልቀረንም። ስምረት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ እኔ ስምረት ነኝ አለቻት። ያኔ ነው ያወቀችን። ያኔ ነው እንደገና ያለቀሰችው።

ከዚያ ነገረችን። ኔትወርክ ያለው አጥሩ ጥግ፣ እንሰቱ አጠገብ ብቻ ነው። እሷ ስትጽፍ እናቷ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ስልኩን ከፍ አድርገው ይይዙላት ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እጅ እየቀያየሩ። አማርኛ አይሰሙም። ግን ስም ሲጠራ እየሰሙ ሁላችንንም በድምፅ ያውቁን ነበር። ትምህርት ሲያልቅ ዛሬ እንትና ለምን አልመጣም ብለው ይጠይቋት ነበር። ጋሽ ኤርሚያስን ኔትወርኩ ነበር የሚሏቸው። እኔን ያቺ ቁጡዋ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ አልቻልኩም። ደብተሬ፣ አንዲት እናት ስድስት ሳምንት ሙሉ ድምፃችንን ተሸክማ ኖራለች፤ እኔ ማንም አይሰማኝም ስል ነበር።

ተነሥቼ ጎረቤቶቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። አማርኛዬ ጠፋኝ፣ በተሰባበረ ከምባትኛ ጭምር ነው ያልኩት። እሷ ራሷን እየነቀነቀች ተቀመጪ ቲቸር ትላለች። አንዲት ባልቴት ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ፣ ንፍሮ አፈሱልኝ።

ልንነሣ ስንል አራት ሴቶች ገቡ። የዊጆ ጓደኞቿ ናቸው። ዊጆ ያው የሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው፤ በየሳምንቱ ሁሉም ከጓዳቸው ቅቤ ያዋጡና ተራው ለደረሰ ሰው ይሰጣል። በኮባ የተጠቀለለውን አስቀመጡላት። ተራዬ እኮ አይደለም፣ ገና ነኝ አለች። ትልቋ ሴት ምን እንዳለቻት ጋሽ ኤርሚያስ ጆሮዬ ላይ ተረጎሙልኝ፦ «ተራ የሚጠበቀው በደህና ቀን ነው።»

በሩ ላይ ታደለች ያዘችኝ። እንደማትመለስ ነገረችኝ። ባሏ ሐዋሳ የቀን ሥራ ላይ ነው፣ ልጇ ዓመት ከመንፈቋ፣ 11 ሰዓት ላምዋ የምትታለብበት ሰዓት ነው። ላሟን ቀደም ብለው ያልቡላት፣ ልጇን ጭናቸው ላይ ይይዙላት የነበሩት እናቷ ናቸው። ደክሞኛል ቲቸር አለች።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ፣ ማለዳ

ትናንት በሚኒባስ ስንመለስ ስምረት ድንገት፣ እኛስ ለምን ዊጆ አንገባም አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። እንዲህ ነው። የሳምንቱን ምዕራፍ ገጽ በገጽ እንከፋፈላለን። እያንዳንዱ የደረሰውን ገጽ ተረድቶ፣ በራሱ አነጋገር በድምፅ ቀድቶ፣ ተራው ለደረሰ ሰው ይልካል። ያ ሰው ያን ሳምንት ክፍል ባይገባ እንኳ ትምህርቱ ቤቱ ይመጣለታል። ሌላውም ግሩፑ ላይ ይሰማዋል።

የመጀመሪያው ተራ ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ወደ ግሩፑ መለስኳት። ያቺው ቁጡዋ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ፣ 12፡30

ድምፆቹ እየገቡ ነው። የጋሽ ኤርሚያስ አሥራ አራት ደቂቃ! ከበስተጀርባ አውራ ዶሮ፣ መሐል ላይ ባለቤታቸው ገብተው ያርሟቸዋል። እርማታቸውም ልክ ነው። የአንጋጫው ልጅ ግማሹን በከምባትኛ አስረዳ፤ እኔ በሃያ ዓመቴ እንደዚያ ጥርት አድርጌ አላስረዳሁትም። ክፍል ውስጥ ደግሞ አሁን ይጨቃጨቃሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ የታመመ ልጅ ይጠያየቃሉ። ጸጥ በሉ ማለት ሁሉ አማረኝ። ተመስገን።

ታደለች ግን ምንም። አልከፈተችውም። በየሰዓቱ አያለሁ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ሰማችው! አሥራ ሰባቱንም! ትናንት ማታ ጻፈች። ላሜን ሳልብ ነው የምሰማችሁ አለች። ጥጃው የጋሽ ኤርሚያስን ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል አለች። ጋሽ ኤርሚያስ ደግሞ በበኩላቸው፣ አንድ ያስተዋለኝ ተማሪ አገኘሁ ብለው መለሱ።

መመለስ አለመመለሷን አላለችም። አልጠየቅኋትም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፣ አንዴ ነክሼ አይቼዋለሁ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ 12፡45

የዚህ ሳምንት ምዕራፍ ከአሳዳጊው ስለሚለይ ሕፃን ነው። ልዝለለው ብዬ ነበር። ስለ እሷ። ስንከፋፈል ታደለች ራሷ መጣች፦ ያቺን ገጽ ለእኔ ስጡኝ። ተራው አሁን የስምረት ነው፣ ለስምረት ነው የምትልከው።

ዛሬ ቀን ላከች። አራት ደቂቃ። ስለ ልጇ ነው ያወራችው። ልጅቷ ማታ ማታ ትሄድና አያቷ የሚቀመጡበትን ጉቶ ትመታለች፣ ታያለች፣ ትመለሳለች። ሰሞኑን ሌሎች ሰዎች ላይ ትለጠፋለች፣ እንቅልፍ እምቢ ብላለች። ከዚያ መጽሐፉ ይህን እንዲህ ይለዋል ብላ አንድ በአንድ አገናኘችው። ክፍላችሁ ውስጥ እንዲህ የምትሆን ልጅ ካለች አትቆጧት፣ ቤቷ ማን እንደጎደለ ጠይቁ ብላ ጨረሰች።

ቆሜ ነው የሰማሁት። ይህን ኮርስ ስንት ዓመት እንዳስተማርኩ ለማንም አልናገርም።

እንደምትቀጥል ከሥር ጽፋለች። ጎረቤቷ የዊጆ ጓደኛዋ በትምህርት ሰዓት ልጇን ልትይዝላት፣ ላሟንም ልታልብላት ተስማምታለች። ፈተናው መቼ ነው ትላለች። እልል አልኩ ብቻዬን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሁሉንም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ 6፡00

ደስታዬ ሁለት ቀን አልሞላም። የፈተና ስም ዝርዝር ወጣ፣ ታደለች የለችበትም። ሦስት ጊዜ ቀሪ የሆነ አይፈተንም። በእኔ ደንብ፣ በእኔ እጅ በተሞላ የቀሪ መዝገብ።

ዲኑ ጋ ገባሁ። ቅን ሰው ነው፣ በግልጽ ነገረኝ። መዝገብ መዝገብ ነው፤ የለቅሶውን በወቅቱ ስላላሳወቀች በእሷ በኩል አይስተካከልም። የሚስተካከለው አስተማሪዋ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ በጽሑፍ ካመነች ብቻ። ያ ከመጣ ሐሙስ ትፈተናለች፣ ቃሌ ነው አለ። ወረቀቱ ግን የግል ማኅደሬ ውስጥ ይገባል። ዘንድሮ ደግሞ የደረጃ እድገቴ የሚታይበት ነው፣ አራት ዓመት የጠበቅሁት። አስቢበት አለኝ፣ ለእኔ አዝኖ።

ስምረት ሰማች። ሁላችንም ፈርመን እናመልክት፣ አንቺ ለምን ትጎጂያለሽ አለች። ጋሽ ኤርሚያስም ደወሉ፣ እስክሪብቶዬ ዝግጁ ነው አሉ። እንዴት እንደወደድኳቸው! ግን እምቢ አልኩ። እነሱ ምን አጠፉ?

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ። መጀመሪያ ላይ ‹በተፈጠረው አለመግባባት› ብዬ ነበር። ቀደድኩት። አለመግባባት የለም፤ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ሁለተኛው ላይ ‹ሳላጣራ› አልኩ፣ ሰረዝኩት፣ ከበደኝ፣ መልሼ ጻፍኩት። ሳላጣራ ነው።

ስለ እድገቱ አላለቅስም አልልም፣ ትናንት አልቅሼ ጨርሻለሁ። ግን አሥራ ስምንት ሰው አለኝ፣ ደብተሬ። በዚህ ወር የተሰጠኝ ይበዛል።

ፈርሜያለሁ። ዲኑ 2 ሰዓት ይገባል። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ቢሮው በር ላይ ልቁም፤ ደግሞ ከመግባቴ በፊት ለታደለች ልደውልላት፣ ከአሁኑ ማጥናት አለባት።