ግድግዳዬ ላይ ያለችው ሴት

ይድረስ ለእታለም ለሽታዬ፤
አሶሳ ሰፈራ ጣቢያ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ በረታ? የቆላው ወባ ለቀቀሽ ወይስ እንደያዘሽ ነው? ባልሽ ጋሼ ምስጋኑስ? ልጆቹስ ያገሩን ምግብ ለመዱት? እኛ ለፈጠረን ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። ዘንድሮ ክረምቱ አልጨከነብንም፤ ባቄላው እሸት ደርሷል፣ ገብሱም አሽቷል።

በሰው የላክሽልኝ ቃል ደርሶኛል። «እህቴ መናገር ጀመረች ወይስ ዛሬም ዝም እንዳለች ናት?» ብለሻል አሉኝ። ጀምሬያለሁ፣ እታለም። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ልጄን ትሁንን በድርቁ ጊዜ መጠለያው ውስጥ ቀብሬ ከተመለስሁ ወዲህ ቤት ዘግቼ መቀመጤን ታውቂያለሽ። አረጋም ስሟን አንስቶ አያውቅም ነበር። ባልና ሚስት ሆነን ባንድ ጎጆ እንደ ባዕድ ከረምን። በግንቦት አጎቱ መሪጌታ ደባሱ ለነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሠሩ እጃቸው ደከመና ቀለም የሚፈጭላቸው ሰው ፈለጉ። አረጋ እኔን ላከኝ። ልቤ ባይፈቅድም ሄድሁ። ቀዩን አፈር በድንጋይ ስፈጭ፣ በእንቁላል አስኳል ስለውስ፣ ሳላስበው ቀኑ ይመሽልኝ ጀመር።

የተረፈውን ቀለም በገል ይዤ እየመጣሁ ግድግዳችን ላይ ሣልሁበት። ሾላ ሣልሁ፤ ከሥሩ ምንጭ። ትሁንን ነጭ አልብሼ ከምንጩ ዳር አስቀመጥኋት። ራሴን ግን ራቅ አድርጌ በጎን፣ ባንድ ዓይን ሣልሁ።

አንድ ቀን መሪጌታ ቤታችን ገብተው አዩት። «ይቺ ሴትዮ ማናት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«በኛ ሥዕል ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው ነው፤ እንደ ይሁዳ ያለው። አንቺ ምን በድለሽ?»

«ልጄ ሞታ እኔ ተረፍሁ» አልሁ። እታለም፣ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

 መሪጌታ «መትረፍ ኃጢአት ነው ያለሽ የትኛው መጽሐፍ ነው? በይ፣ ፊቷን ወደ ልጇ መልሺያት» ብለው ብሩሹን አስያዙኝ። ሁለተኛውን ዓይን ጨመርሁላት። ያ ዓይን ከፊተኛው በልጦ እንደ ጉጉት ፈጠጠ! መሪጌታ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አረጋ የማለቅስ መስሎት ከበረት ሮጦ መጣ።

ሥዕሉን ቆሞ ሲያይ ቆየና «ትሁንዬ ዝናብ ትወድ አልነበር? ደመናውስ የት አለ?» አለ። ጣቱን የከሰል ቀለም ውስጥ ነክሮ ከሾላው በላይ ሣለ። ደመናው በግ ይመስላል፤ እኔ ግን አልነካሁትም። ያን ዕለት ስለ ልጃችን ስናወራ፣ ስናለቅስም አመሸን። እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

አንዳንድ ጎረቤት «ሴት ቀለም ይዛ!» ብሎ ማማቱ አልቀረም፤ ግን እየመጣ ያያል። እኔም ለመስቀል ከሌን አውልቄ ነጭ ለብሼ ወጣሁ።

ጋሼ ምስጋኑን ሳሚልኝ። ልጆቹን ሁሉ በየስማቸው ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አረጋ እጅ ይነሣል፤ መሪጌታም በጸሎታቸው አልረሱሽም። እናታችን ወለተ ሩፋኤል ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። አንቺም እዚያ ለትሁን ከል እንደለበስሽ ሰምታለች። «እህትሽ ከሐዘን ወጥታለች፤ አንቺም አውልቂው ብላለች እናትሽ፣ ብለሽ ጻፊላት» አለችኝ። ጻፍሁ።

እህትሽ የሺሃረግ
ላስታ፣ ላሊበላ
ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.